ሐዲዱ ላይ የሰማኋቸው እግሮች

ከሚሴ ውስጥ አንድ ሰው «ባቡሩ ሲመጣ» ካላችሁ ተስፋ ቁረጡ። ልጁን ሊድር የማይፈልግ አባት «ሰርጉንማ ባቡሩ ሲመጣ እንደግሳለን» ይላል። የሚያፈስ ጣሪያ እንዲጠግን የተለመነ ባልም «ባቡሩ ሲመጣ» ብሎ ወደ ግድግዳው ይገላበጣል። ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ድልድዩ ተሠርቷል፣ ጣቢያውም በርና መስኮቱ ገብቶለት ቆሟል። የጎደለው ባቡሩ ብቻ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ሥራ የፈታ ንብረት ሲያይ አያስችለውም። በመከር ጊዜ የጣቢያው መድረክ ላይ ማሽላ ያሰጣበታል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል፤ ፍየሎች ከጥላው ሥር ተኝተው ያመሰኩበታል። ሐዲዱማ እግረኛ መንገድ ከሆነ ቆየ። ጭቃ የለበት፣ ዳገት የለበት፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ። እንዲህ ያለ ደህና መንገድ ከዚያ በፊት የሠራላቸው የለም።

እኔ በዚያን ጊዜ ይህን ሁሉ ከሩቅ እየሰማሁ የምሥቅ ሰው ነበርኩ። የተወለድኩት ከሚሴ ነው፤ ነገር ግን በልጅነቴ አባቴ ሥራ ቀይሮ ስለወጣ ያደግኩትም የምኖረውም አዲስ አበባ ነው። ሥራዬ መጣጥፍ መጻፍ፣ ጠባዬ ሰው ሁሉ «አዎ» ያለውን «አይደለም» ማለት ነው። ብዙ አንብቤያለሁ፤ ያነበብኩት አብዛኛው የጠቀመኝ ግን ሰው ሳላነጋግር እንድውል ነው። ያለ ክርክር የምወደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የባቡር ድምፅ።

ሌላው እሁድን በመጠጥ ወይም በኳስ ሲያሳልፍ እኔ መቅረጫዬን አንግቤ ከአንዱ የከተማ ባቡር ጣቢያ ወደ ሌላው እዞራለሁ። ስታዲየም ጋ ባቡሩ ከላይ ሲገባ ድልድዩ ከሥሩ የሚያጉረመርመውን፣ መገናኛ ላይ በሩ ሊዘጋ ሲል የሚያሰማውን ጩኸት፣ ከዝናብ በኋላ መንኮራኩሩ ኩርባ ላይ የሚያፏጨውን እቀዳለሁ። ለማን? ለማንም። ጥበቃዎች ሰላይ ሳልመስላቸው አልቀርም፤ ሰላይ ቢሆን ግን ደህና ልብስ በለበሰ ነበር ብለው ይተዉኛል።

የዚህ ፍቅሬ ጠላት ሰው ነበር። ባቡሩ በዚያ ግርማው ሲገባ አንዱ አጠገቤ መጥቶ «ሄሎ! ሄሎ! ደርሻለሁ፣ ሽሮውን ጣጂው!» ይላል። ሥራዬ አለቀለት። ማታ ቤቴ ገብቼ የሰውን ድምፅ እየፈለግኩ ቆርጬ እጥላለሁ፤ ሳሉን፣ ሣቁን፣ ስንብቱን፣ ሽሮውን። የሚቀረኝ ጥርት ያለ፣ ሰው የሌለበት ባቡር ነው። ያኔ ይህ ውበት ይመስለኝ ነበር።

ከመሣሪያዎቼ ሁሉ የምሳሳላት ሳንቲም የምታክል አንዲት ማይክ ነበረችኝ። ይቺ ማይክ አየር አትሰማም። ብረት ላይ ስትለጠፍ ብረቱ ውስጥ የሚሄደውን ብቻ ትሰማለች። ሐዲድ ላይ ብትለጥፏት ባቡሩ ለዓይን ከመታየቱና ለጆሮ ከመሰማቱ አስቀድሞ አንድ ቀጭን ዝማሬ ትሰማላችሁ። ከሩቅ የሚመጣ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ ቀስ እያለ የሚወፍር። ያንን ዝማሬ ከብዙ ጣቢያ ስለቀዳሁት ከምንም ጋር አላምታታውም።

አንድ ነሐሴ የአክስቴ ልጅ ሰይድ ደወለልኝ። ሰይድ የከሚሴ ጣቢያ ጥበቃ ነው።

«ደራሲው፣ ባቡር ሊመጣ ነው።»

«ሰይድ፣ የቀልድ ሰዓት አይደለም።»

«ወላሂ እልሃለሁ! ሐዲዱን የሚያይ የጥገና ባቡር ነው፣ በናፍጣ የሚሄድ። ከኮምቦልቻ በኩል ይወርዳል። ከሐዲዱ ራቁ ብለው በባጃጅ እየዞሩ በድምፅ ማጉያ ነገሩን።»

«ሕዝቡስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ሣቀ።»

ጣቢያ ተብሎ ከቆመ ወዲህ ባቡር ገብቶበት የማያውቅ ጣቢያ፤ የመጀመሪያው ድምፅ። እንደኔ ያለ ሰው ይህን ሰምቶ አይተኛም። በማግሥቱ የደሴ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።

ባቡሩ ይመጣል በተባለበት ዋዜማ ከሚሴ ገባሁ፤ ዝናቡ ሳያባራ አድሮ ጠዋት ሲያካፋ ጣቢያው ደረስኩ። ቦርከና ሞልቶ ድምፁ ከከተማው ይሰማል። ሰይድ ፕላስቲክ ካፖርቱን ደርቦ፣ ቆመጡን ይዞ መድረኩ ላይ ተቀብሎ አቀፈኝ። «አከም ጅርተ? ፈያዳ?» አለኝ፤ እኔም ከልጅነቴ የተረፈችኝን ኦሮምኛ አሟጥጬ መለስኩለት።

የሰይድን አሠራር ልንገራችሁ፤ ኋላ ነገሩ ሁሉ በሷ ነው የመጣው። ሐዲዱ ላይ ሕፃናት ሲጫወቱ ወይም ከብት ሲገባ ቆመጡን ብድግ ያደርግና «ባቡር መጣ! ባቡር መጣ!» እያለ ይጮኻል። ልጆቹ እየሣቁ ይሮጣሉ። ትልልቁ ሰው «የትኛው ክፍል ነው የተያዘልን?» ብሎ ያላግጣል። ፍየሎቹ ንቅንቅ አይሉም። ከሁሉም አስተዋዮቹ ፍየሎቹ ናቸው አልኩት።

«ሥቅ አንተ» አለኝ። «ያለችኝ መሣሪያ እሷ ናት።»

ባቡሩ ጠዋት ይመጣል ተብሎ ነበር። ረፈደ። ሰይድ ዙህር ሰግዶ ተመለሰ፤ ባቡሩ ግን የለም። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። እኔ ማይኳን ሐዲዱ ላይ ለጥፌ፣ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ መቅረጫውን ከፍቼ ቁጢጥ ብያለሁ።

«ሐዲዱ አሞት ነው?» ይለኛል ሰይድ። «ትኩሳቱንስ ለካኸው?»

«ዝም በል፣ ድምፅህ ይገባብኛል።»

«ብረት ብቻ ነው የምትሰማው አላልከኝም?»

ልማድ ነው፤ ሰው ሲያወራ «ዝም በል» ማለት ልማዴ ነበር።

በሄድፎኑ የዝናቡን ጠብታ ብረቱ ላይ ሲፈነጥቅ እሰማለሁ። ከሥሩ ቦርከና የድልድዩን እግር ሲገፋ ያጉረመርማል። ድልድዩ ከጣቢያው አይታይም፤ ሐዲዱ በማሽላ የተሸፈነች ጉብታን ይዞራል፣ ድልድዩ ከኋላዋ ነው ያለው። ባቡሩም የሚመጣው በዚያው በኩል ነው። እንዲህ እንዳለሁ አንድ ነገር ገባ። ድም፣ ድም፣ ድም። ከባድ እርምጃ። ብዙ እግር ነው፤ ግን የሚወድቀው አንድ ላይ ነው። መሐል መሐሉን ደግሞ ኳ የሚል፣ ብረት በብረት ላይ፤ ጫፉ ብረት የለበሰ ዱላ።

ተናደድኩ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ሰው! እዚህም ሰው! ባቡር በሌለበት አገር እንኳ ባቡሬ ውስጥ ሰው ይገባል!

«ሰይድ፣ ሐዲዱ ላይ የሚሄድ ሰው አለ?»

«አይጠፋም። ቦርከና ሲሞላ የማዶ ሰዎች መሻገሪያቸው ይሄ ድልድይ ብቻ ነው።»

«ብዙ ናቸው። ግን እንደ ወታደር አንድ ላይ ነው የሚረግጡት።»

ሰይድ ሣቁን ተወው። «አንድ ላይ የሚረግጥ የቃሬዛ ሰው ነው» አለ። «በሽተኛ ይዘዋል።»

ከአፉ ሳይጨርስ ሰማሁት። ከእርምጃዎቹ ሥር፣ ከወንዙም ሥር፣ እንደ ክር የቀጠነ ዝማሬ። ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ወፈረ።

«ሰይድ፣ ባቡሩ መጣ።»

«አልኩህ እኮ ይመ—»

«አሁን ነው የሚመጣው! ሰዎቹ ድልድዩ ላይ ናቸው፣ ባቡሩ ከኋላቸው ነው!»

ማይኳን ከሐዲዱ ነቅዬ፣ መቅረጫው ከነማብራቱ ቦርሳዬ ውስጥ እየተንገላታ፣ ሮጥኩ። የሐዲድ እንጨት የሚባለው ዛሬ ሲሚንቶ ነው፤ ርቀቱም ለሰው እርምጃ አልተሠራም። አንዱን ብትረግጡ ያጥራችኋል፣ አንዱን ብትዘሉ ይረዝማችኋል። የሃምሳ ዓመት ጎረምሳ ከነቦርጩ እንዴት እንደሚሮጥበት እናንተው ገምቱ። ሰይድ ጥሎኝ ሄደ። ጉብታዋን ስንዞር የቦርከና ድምፅ እንደ ግድግዳ መታን። ቀይ ጎርፍ ግንድ እየገለባበጠ ከድልድዩ ሥር ያልፋል። የራሴን ጩኸት አልሰማሁም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፦ ባቡሩ ጡሩምባውን ቢነፋም እዚያ ያለ ሰው አይሰማውም።

ድልድዩ መሐል ላይ ነበሩ። አራት ወንዶች ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አድርገዋል፤ ተረኞቹ ከኋላ ይከተላሉ። ቃሬዛው ላይ ብርድ ልብስ የተከናነበች ሴት አለች፤ አንድ እጇ ወጥቶ አጣናውን ጨብጧል። ከጎኗ በዕድሜ የገፉ ሴት በአንድ እጃቸው ቀይ ጃንጥላ ይዘውላት፣ በሌላው ጫፉ ብረት የሆነ ምርኩዝ ይዘው ይሄዳሉ። ከኋላ ዱበርቲዎቹ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በዱአ የሚያግዙት እናቶች፣ «ያ ፋጡማ፣ ያ ፋጡማ» እያሉ ይቀባበላሉ። የምጡን ስም ሳይጠሩ ነው ኋላ የነገሩን፦ ቃሬዛው ላይ ያለችውን ዘሃራን ትናንት ነው የጀመራት፣ እምቢ ብሏታል፣ ሆስፒታል ካልደረሰች አይሆንም።

«ባቡር መጣ!» አለ ሰይድ ቆመጡን ብድግ አድርጎ። «ባቡር መጣ! ባቡር መጣ!»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ በድካም ውስጥ ሆኖ ሣቀ። «ሰይዶ፣ እኛኮ ፍየል አይደለንም።»

«ወላሂ! በአላህ ስም!»

«ትናንትናም ወላሂ ስትል ነበር።»

ከፊት በግራ በኩል የተሸከመው የዘሃራ ባል ሁሴን ነው። ፊቱ ላይ ዝናብና ላብ ተደባልቋል። «ወንድሜ፣ ቀልድ ሰዓት አለው» አለ። «ይቺን ሴት እያየሃት?»

እኔ ደረስኩ፤ ትንፋሽ የለኝም። «እውነቱን ነው፣ ሰምቼዋለሁ፣ ከኋላችሁ—»

«አንቱስ ማነዎት?»

ምን ልበል? የባቡር ድምፅ የምለቅም ነኝ? ወደ ኋላ ዞር ብለው ቢያዩ ጭጋግና ዝናብ ነው፤ ቢያዳምጡ ወንዝ ነው። የድልድዩ ጎን መተላለፊያ ጠባብ ነው። አንድ ሰው ተጠግቶ ይቆምበታል፤ ቃሬዛ ግን አይችልም። ማለት ሁሉም ሊተርፍ ይችላል፣ ከሷ በቀር። ሁሉም ደግሞ ከሷ ጋር እንደሚቆሙ ፊታቸው ላይ ተጽፏል።

ተንበረከክሁና ማይኳን ሐዲዱ ላይ ለጠፍኩ። ሄድፎኑን ይዤ ምርኩዝ ወደ ያዙት እናት ሄድኩ። «አዴ፣ እባክዎን፣ እርስዎ ይስሙት።»

ሰይድ ከጎኔ ሆኖ «አዴ ሞሚና፣ ስለ አላህ! ደራሲው እውነቱን ነው!» አለ።

አዴ ሞሚና እኔንም ሄድፎኑንም አዩ። ጃንጥላውን ለአንዷ አቀበሉ፤ ሄድፎኑን ሻርፓቸው ላይ አደረግኩላቸው። ዱአውን በከንፈራቸው እንደያዙ ነበር። ከዚያ ከንፈራቸው ቆመ። እሳቸው ሲያቆሙ ሴቶቹም አቆሙ።

«ይሄ ወንዙ አይደለም» አሉ።

«አይደለም አዴ።»

«እግራችንም አይደለም፣ ቆመናል።»

«አይደለም።»

ጥቂት አዳመጡ። ሄድፎኑን አውልቀው እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው መለሱልኝና ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ሰይድ እውነት የተናገረባት ቀን ዛሬ ናት» አሉ። በኦሮምኛም ጨመሩ፦ «ደፋ! ደፋ! ፍጠኑ!»

ማንም ሁለተኛ አልጠየቀም።

አንዱ ተረኛ «አውርደን በክንዳችን እንያዛት፣ እንሩጥ» አለ። ሌሎቹ አንድ ላይ ጮኹበት። ሕያው ሰው የያዘ ቃሬዛ ከመድረሻው በፊት መሬት አይነካም። መሬት የነካ ቃሬዛ ከዚያ በኋላ የሚሸከመው ጀናዛ ነው ይላሉ። እኔ በመጣጥፌ ስንት ጊዜ «እንዲህ ያለ እምነት» እያልኩ ያላገጥኩ ሰው፣ በዚያች ሰዓት አንድም የማላገጥ ቃል አልመጣልኝም። ሰይድ የአዴ ሞሚናን ቀይ ጃንጥላ ከያዘችው ሴት እጅ ነጥቆ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ኋላ፣ ወደ ባቡሩ ሮጠ።

«ጃንጥላዬን!» አሉ አዴ ሞሚና።

ሴቶቹ ቀድመው ወጡ። ወንዶቹ ሮጡ፤ ቃሬዛ ይዞ መሮጥ ሩጫ ከተባለ። ጥቂት እንደሄድን ከኋላ በቀኝ ያለው ሰውዬ ፕላስቲክ ጫማው አዳለጠውና በጉልበቱ ወደቀ። ቃሬዛው ዘመም አለ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አጣናው ትከሻዬ ላይ ነበር። ቃሬዛ ተሸክሜ አላውቅም። እርምጃዬ ከሰዎቹ ጋር አልገጠመም።

«ግራ! ግራ!» ይለኛል ከፊቴ ያለው። «ደራሲው፣ ግራህን!» ስሜን ከሰይድ ሰምቷል።

ገጠምኩ። ያን ጊዜ ዘሃራን ምጡ መጣባትና የምትጨብጠው ስታጣ ያገኘችውን ያዘች። ያገኘችው ጆሮዬን ነበር። ዕድሜ ልኬን የተንከባከብኩትን ጆሮ እንደ ገመድ ጠምዝዛ ያዘችው።

«ጀባዱ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይላታል ሁሴን ሳይዞር። «አብሽሪ የኔ ዓለም፣ ደረስን።»

አልደረስንም። ድልድዩ ከእግሬ ሥር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ተሰማኝ፤ ከዚያ ጡሩምባው፣ እዚያው ጀርባችን ላይ። ወደ ኋላ አላየሁም። ማየት የፈለግኩት ድልድዩ የሚያልቅበትን፣ ማሽላው የሚጀምርበትን ነበር። ቀጥሎ ብረት በብረት ላይ ሲፋጭ ሰማሁ፤ ረጅም፣ ጥርስ የሚያፋጭ፣ የማያልቅ የሚመስል ፍሬን። ባቡር ሲቆም የሚያሰማውን ድምፅ ስንት ጊዜ ቀድቻለሁ። እንዲህ ያማረ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ማሽላው ጋ ስንደርስ ዞርኩ። ባቡሩ አፍንጫውን ድልድዩ ውስጥ አስገብቶ ቆሟል። ቢጫ ሞተር ነው፤ ከኋላው መሣሪያ የተጫነበት ጠፍጣፋ ፉርጎ ይጎትታል። ሰይድ መተላለፊያው ላይ የድልድዩን አጥር ታቅፎ ተቀምጧል። ጃንጥላው የለም። የሞተሩ ንፋስ ነጥቆት ቦርከና ወስዶታል።

ሾፌሩ ወጣት ነው። ወርዶ ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ መጣ፤ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቃሬዛውን ሲያይ ግን ሐዲዱ ላይ ተቀመጠ። «ጡሩምባ ነፍቻለሁ» ይላል ደጋግሞ። «ጡሩምባ ነፍቻለሁ እኮ። ቀይ ነገር ሳይ ነው…»

«ነፍተሃል ልጄ፣ ወንዙ ነው» አሉት አዴ ሞሚና። ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። «አሁን ንገረኝ፣ መኪናህ ሰው ይጭናል?»

«ሰው መጫን ክልክል ነው እናቴ።»

«ይቺ አንድ ሰው አይደለችም፣ ሁለት ናት። ክልክሉ ለአንድ ነው።»

ሾፌሩ ዘሃራን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰማዩን አየ። ተነሣ። ሞተሩን ቀስ አድርጎ አምጥቶ አጠገባችን አቆመው። ረዳቱና ሰይድ ፉርጎው ላይ ያለውን መሣሪያ ወደ ዳር ገፉት። ወንዶቹ ቃሬዛውን ሳያወርዱ ወጡና ትከሻቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ።

«አስቀምጧት እንጂ!» አለ ሾፌሩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም አዴ ሞሚናን አዩ። እሳቸው የፉርጎውን ወለል በምርኩዛቸው መቱት። ኳ አለ።

«ብረት ነው» አሉ። «ብረት መሬት አይደለም። አውርዷት።»

አወረዷት። እንዲህ ያለ ፍርድ ከማንም መጽሐፍ አላነበብኩም።

ከሚሴ ጣቢያ የገባው የመጀመሪያው ባቡር የጫነው ምጥ የያዛትን ሴት፣ ባሏን፣ የቃሬዛ ሰዎችን፣ ዱበርቲዎችንና አንድ ጆሮው የቀላ ጸሐፊ ነበር። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋ። የከተማው ሰው ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ አንዳንዱ ጫማውን በእጁ ይዞ። መድረኩ ሞላ። «መጣ እንዴ? እውነትም መጣ?» ይባባላሉ። የባጃጅ ሾፌሮች ተሰበሰቡ፤ ባጃጅ ግን ቃሬዛ አይችልም። ያን ጊዜ አንድ ጫት የጫነ ፒክአፕ መንገዱ ላይ ሲያልፍ አስቆሙት። ጫት የጫነ መኪና በኛ አገር ለምንም አይቆምም፤ ፍጥነቱን ያየ ያውቃል።

«ምጥ ነው!» አሉት።

ሾፌሩ አንዲት ቃል ሳይጠይቅ ወርዶ እስሩን እየወረወረ መድረኩ ላይ ደረደረው። «ጠብቁልኝ» አለ፤ «የምትቅሙትን ግን አልቆጥርም።» ዘሃራን ጭነው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ እስኪደርሱ የረገጠው ፍሬን አንድም አልነበረም ይላል ሁሴን።

እኛም በባጃጅ ተከትለን ሆስፒታሉ በር ላይ ቆየን። ሐኪሟ አንድ ጊዜ ብቅ ብላ «ጸልዩ» ብላ ገባች። ዱበርቲዎቹ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ዱአቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ሁሴን አንድ ቦታ አይቆምም። እኔ ለዱአው «አሚን» ስል ራሴን ሰማሁት፤ ድምፄ ከሌላው ሰው ድምፅ ጋር ተደባልቆ። የመግሪብ አዛን ሲያልቅ ሐኪሟ እንደገና ወጣች። «ሴት ናት» አለች። «እናትየውም ደህና ናት። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ…» ሁሴን ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። አዴ ሞሚና «አልሐምዱሊላህ» አሉና ወደ ሰይድ ዞሩ። «አሁን ወደ ጃንጥላዬ ነገር እንመለስ።»

ሕፃኗን ፋጡማ አሏት። ስንት ጊዜ በተጠራው ስም።

በማግሥቱ አክስቴ ቤት ቦርሳዬን ስከፍት መቅረጫው ሌሊቱን ሲቀዳ አድሮ ባትሪው አልቋል። ማይኳ የለችም፤ ገመዷ ተበጥሶ እዚያው ድልድዩ ላይ ቀርታለች። የመቅረጫው የራሱ ማይክ ግን ሁሉንም ሰምቷል። ባትሪ ቀይሬ አዳመጥኩ። መጀመሪያ እርምጃቸው አለ፤ ቀጥሎ ያ ቀጭን ዝማሬ። ከዚያ በኋላ ባቡር የሚባል ነገር በቅጡ አይሰማም። የሚሰማው የኔ ማለክለክ ነው፤ «ግራህን!» ነው፤ «አብሽሪ የኔ ዓለም» ነው፤ «ጃንጥላዬን!» ነው። ከሚሴ የገባው የመጀመሪያው ባቡር ድምፅ በሰው ድምፅ ተበላሽቷል። እጄ እንደ ልማዱ ወደ መቁረጡ ሄደና ቆመ። ምን ቆርጬ ምን ላስቀር?

አንባቢዎቼ፣ ምክር አልወድም፤ ሲመክሩኝም ተቃራኒውን ነው የማደርገው፣ ስለዚህ አልመክራችሁም። የሆንኩትን ብቻ ልንገራችሁ። ሰው «ድምፅ ሰብሳቢው ቃሬዛ አዳነ» እያለ ሲያመሰግነኝ ያሳፍረኛል። ማይኳ የሰማችው ብረት ነው። ያዳነው አንዲት አሮጊት የማያውቁትን ሰው ዕቃ ጆሯቸው ላይ አድርገው ለማዳመጥ መፍቀዳቸው ነው፤ ወጣቱ ሾፌር ቀይ ነገር አይቶ ፍሬን መርገጡ ነው፤ ባለ ጫቱ አለመጠየቁ ነው። እኔ የማላደርገውን ነበር ሁሉም ያደረጉት። ሰው እያወራ ያለፈባትን ዓለም ሰው ሳይኖርባት ልሰማት ስደክም ኖሬ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው በጆሮዬ ይዞ ጎተተኝ። ለዚያች እጅ ምስጋናዬ አያልቅም።

ዛሬም ጣቢያዎቹ ላይ እቀዳለሁ። ሽሮውን ግን አልቆርጥም። ሽሮው ተጥዶ ይሆን፣ ሰውዬውስ በሰላም ገብቶ ይሆን እያልኩ አዳምጣለሁ። ሰይድም «ባቡር መጣ» ማለት ትቷል። አሁን «ውረዱ እባካችሁ» ይላል፤ ማንም አይሰማውም፤ ይህን ግን እንደ እድገት ቁጠሩለት። ለአዴ ሞሚና ቀይ ጃንጥላ ወሰድኩላቸው። «የድሮው ይሻል ነበር» አሉና መርቀውኝ ተቀበሉ።

ከሚሴ በሄድኩ ቁጥር ፋጡማ ሄድፎኑን ትጠይቀኛለች። ፊደል መቁጠር ጀምራለች። ጭንቅላቷ ላይ ሲቀመጥ ጉንጯን ሁሉ ይሸፍነዋል። ቀረጻውን ከመጀመሪያው እከፍትላታለሁ።

«ይሄ ማነው?»

«አባትሽ ነው። ይሄ ከባዱ እርምጃ።»

«ኳ የሚለውስ?»

«አዴ ሞሚና፣ በምርኩዛቸው።»

«እነዚህስ ሁሉ?»

«የማዶ ሰዎች።»

ባለፈው ጊዜ እንዲሁ ስታዳምጥ ቆይታ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «እኔስ? እኔ የታለሁ?»

«ያንቺ ድምፅ አይሰማም» አልኳት። «የሚሰማው የተሸከሙሽ ሰዎች ድምፅ ነው።»

አሰበችበት። ከዚያ ሄድፎኑን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው።

«እንደገና» አለች።

እንደገና ከፈትኩላት።